በትከሻዬ የተሸከምሁት የሽንት ቤት ሣጥን

ሰው ክብሩን ተሸክሞ ሲዞር አይቻለሁ። ሥልጣኑን፣ ቂሙን፣ የአባቱን ስም ተሸክሞ አገር ላገር የሚንከራተትም ሞልቷል። የገዛ ዓይነ ምድሩን እጀታ ባለው ሣጥን ቆልፎ፣ መንኮራኩር አስገጥሞ፣ ከአዲስ አበባ እንጅባራ ድረስ ያመጣ ሰው ግን ያየሁት አንድ ብቻ ነው። እሱም ጓደኛዬ ነው። ሣጥኑን ከእጁ ቀምቶ በትከሻው የተሸከመው ሽማግሌ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ እናንተ አንባቢዎች፣ ከሁለታችን ማንን አስቀድማችሁ እንደምትንቁ ራሳችሁ ወስኑ። ምክሬን ብትጠይቁኝ ከሽማግሌው ጀምሩ።

በዚያን ጊዜ ጡረታ ከወጣሁ ሰነባብቻለሁ። ዳንግላና አካባቢዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ፣ በመጨረሻ ርእሰ መምህር ተብዬ የተሰናበትሁ ሰው ነኝ። ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቀርከሃ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። በግቢው ውስጥ ሁለት ላሞች፣ ባለቤቴና እኔ አለን። ከአራታችን ሥራ የማልሠራው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ባለቤቴ የሽወርቅ አስም አለባት። አካባቢያችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰዉ ሁሉ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ ከሰል የሚያከስልበት አገር ነው። ጭሱ ከውጭ ባይመጣ ከጓዳ ይነሣል። ሐኪሙ «ጭስ ካልራቅሽ አንድ ቀን ትንፋሽሽ ሄዶ ይቀራል» ብሎ ቁርጡን ሲነግራት፣ በግቢያችን ባዮጋዝ አሠራን። የማታውቁት ካላችሁ፣ በሲሚንቶ የተሠራ ድፍን ጉድጓድ ማለት ነው። እበት በውሃ ይበጠበጥና ይገባል፤ ሽንት ቤቱም ወደዚያው ይፈስሳል። ያ ሁሉ ውስጥ ለውስጥ ሲብላላ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ በቧንቧ ጓዳ ገብቶ በጠራ ሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል። ጭስ የሚባል ነገር የለውም። «መብራትስ የላችሁም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የእኛ መብራት እንደ ባለሥልጣን ጉብኝት ነው፤ ሲመጣም አይቆይ። ጉድጓዱ ከተሠራ ወዲህ ግን የሽወርቅ የሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም ነበር።

እበቱን ማን ይዝቅ ነበር? የሽወርቅ። ማን ይበጠብጥ ነበር? የሽወርቅ። እኔማ ንጹሕ ሸሚዜን ለብሼ፣ እንግዳ ሲመጣ በከዘራዬ ጫፍ እየጠቆምሁ ማብራሪያ እሰጥ ነበር። «ይህ የሳይንስ ውጤት ነው» እላለሁ፤ ጉድጓዱን በጭንቅላቴ የቆፈርሁት ይመስል።

በላቸው ከመምህራን ማሠልጠኛ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ጓደኛ ስላችሁ፣ እርስ በርስ ስንናናቅ ፀጉራችን የሸበተ ሰዎች ነን። እሱ ጠመኔ ንቆ ንግድ ገባ፤ እኔ ንግድ ንቄ ከጠመኔዬ ጋር ቀረሁ። እሱ ሀብታም ሆነ፤ እኔ ትክክል ሆንሁ። ቢያንስ እንዲያ እያልሁ ነበር ትራስ የምንተራሰው፣ እኔና ጡረታዬ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደወለ።

«ታከለ፣ እመጣለሁ። አልጋ እንዳታነጥፉ፤ ቤቴን ይዤ ነው የምመጣው።»

«ኤሊ ሆንህ እንዴ?»

«ቆይ፣ መጥቼ አሳይሃለሁ።»

መጣ። ነጭ፣ ረጅም፣ ሆዳም መኪና። የጋሪ ፈረስ ሁሉ አይቶት ደነበረ። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ሸጦለት ነው። ሲያስጎበኘን በሩን እንደ ሙሽራ ቤት ነው የከፈተው፦ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ዕቃ ማጠቢያ፣ መጋረጃ። በአልጋው ራስጌ አንዲት ጠባብ በር አለች።

«ይህችስ?» አልሁት።

«መጸዳጃ ናት።»

«እዚህ? ትራስህ አጠገብ?»

«ምን አለበት? ንጹሕ ነው።»

«ከአዲስ አበባ እስከዚህ ስንት ቁጥቋጦ አለ! አንዱም አላስጠጋህ?»

«አንተ እኮ አትሠለጥንም።»

«ሥልጣኔ ማለት ትራስ ሥር መጸዳዳት ከሆነ፣ ሰው ሁሉ በሕፃንነቱ ሠልጥኖ ነበር።»

የሽወርቅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። በላቸው ግን ማብራሪያውን ቀጠለ፤ ማብራሪያ ላይ እንመሳሰላለን። ከመቀመጫው ሥር ሣጥን አለ፤ ሁሉም እዚያ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ ቀይ መብራት ይበራል፤ ከዚያ በውጭ በኩል ባለች መዝጊያ ተስቦ ይወጣና ይደፋል። እንዳይሸት ሰማያዊ መድኃኒት ይጨመርበታል። እኔ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ፤ በሆዴ ግን «ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ የገዛው ፖፖ ነው» እላለሁ።

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ሁለት ሌሊት አድሮ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ሞላ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምኑ?»

«ሣጥኑ ነዋ! ቀዩ በርቷል።»

«እና እስኪሞላ ምን ትጠብቅ ነበር፣ ሽልማት?»

«ከተማ ቢሆን ሆቴል ገብቼ እደፋው ነበር። እዚያ ሐይቁ ዳር የት ልድፋው?»

«ሐይቁ ዳር ብትደፋውማ አንተንም አብሬ ነበር የምደፋህ።»

«ለዚህ አይደል ተሸክሜው የመጣሁ!»

እዚህ ላይ እውነት ነበረው፤ አልነገርሁትም እንጂ።

በእኛ ዘንድ እንግዳ ሸክም ይዞ በሰው ግቢ አይራመድም። ዘንቢል እንኳ ይዞ ቢገባ ከእጁ ካልተቀበልኸው የመንደር መሣቂያ ነህ። ይህ ነገር በደሜ ገብቷል፤ እጄ ከአእምሮዬ ቀድማ ነው የምትዘረጋው። በላቸው ሣጥኑን ከመኪናው ጎን ስቦ አውጥቶ እጀታውን ሲጨብጥ፣ እጄ ተዘረጋች።

«አምጣ።»

«ተው፣ መንኮራኩር አለው፤ እጎትተዋለሁ።»

«በዚህ ጭቃ? አምጣ እልሃለሁ! እንግዳ አይደለህ?»

«ታከለ፣ ማርያምን! ይኼ እኮ ሻንጣ አይደለም!»

«ምን እንደሆነማ አውቃለሁ። አምጣ!»

ጎተተ፣ ጎተትሁ። ሁለት ሽበታሞች አንድ ሣጥን ዓይነ ምድር ስንናጠቅ፣ ጎረቤታችን ደሴ ከእርሻው ሲመለስ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

«መምህር፣ እንግዳዎ ምን ይዘውልዎት መጡ?»

«የአዲስ አበባ ዕቃ ነው!» አልሁት። ውሸት አልተናገርሁም።

አሸነፍሁና ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ደረቴን ነፍቼ ጥቂት እንደተራመድሁ አንድ ቀዝቃዛ ነገር በአንገቴ ሥር ወርዶ ጋቢዬ ውስጥ ገባ። ስንታገል የሣጥኑ ክዳን ላልቶ ኖሯል።

«አታዘንብለው! ቀና አድርገው!» ይጮኻል በላቸው ከኋላዬ። «ወደዚያ አይደለም! ወደዚህ!»

ነጭ ጋቢዬ ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊ ብቻ በሆነ ደግ ነበር።

ሽንት ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ የሽወርቅ ብቅ አለች። እኔን አየችኝ፤ ጋቢውን አየችው፤ ከዚያ ከክዳኑ የሚንጠባጠበውን።

«ይኼ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው፣ የሽዬ» አለ በላቸው። «ሽታ ይገድላል።»

«ሽታ ነፍስ አለው እንዴ የሚሞተው?»

ሁለታችንም ሣቅንባት። አንድ የሳይንስ መምህርና አንድ የሳይንስ መምህር የነበረ ነጋዴ ቆመን ሣቅንባት። በሕይወቴ ውስጥ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሰነፍ ተማሪ ጥያቄ አለፍሁት።

«እኔ እንጃ» አለች። «ከእሳታችን ጋር ባይገናኝ ደስ ይለኛል። ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት።»

በላቸው ወደ አካፋው ተመለከተ። እኔ ለመቆፈር ታክቶኝ «የእኔ ጉድጓድ የማይቀበለው ነገር የለም!» ብዬ ፎከርሁና ዘቀዘቅሁት። ድምፁን አልነግራችሁም፤ ምሳ ያልበላችሁ ትኖራላችሁ።

ባዶውን ማጠቡም በእኔ ወደቀ፤ እንግዳ ሊያጥብ ነው እንዴ? ውሃ ሞላንበት፤ በሁለት ጫፍ ይዘን እንደ ቅቤ ናጥነው፤ ደፋነው። ደግመን ናጥን። ከታች የተጣበቀ የወረቀት ብጥስጣሽ አልለቅ ስላለ በእንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ፣ የሳሙና ዱቄት ነስንሼ ፈገፈግሁት። የመዝጊያውን ላስቲክ በላቸው በጨርቅ ወልውሎ እንዳይደርቅ ቅባት ቀባው። ፊቴን አዙሬ እየተነፈስሁ፣ በየመካከሉ እየሰደብሁት፣ እሱም እየሰደበኝ ጨረስን። ሣጥኑ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲያበራ ግን፣ አላፍርም፣ ኩራት ተሰማኝ። የትምህርት ቤት ዋንጫ እንኳ እንዲያ ወልውዬ አላውቅም።

በላቸው ስላፈረ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ሰማያዊ መድኃኒት በስጦታ ሰጠኝ።

«ሽንት ቤታችሁ እንዳይሸት ነው። አንድ ክዳን ይበቃል።»

አንድ ክዳን! ቆጣቢ ነጋዴ! እሱ ወደ መኪናው ከሄደ በኋላ ብቻዬን ቆሜ አሰብሁ። አሳቤን ልንገራችሁና ሣቁብኝ፦ መድኃኒቱ ሰማያዊ ነው፤ ነበልባላችንም ሰማያዊ ነው፤ ስለዚህ ይስማማሉ። ይህን ያሰበው ሰው በመንግሥት ደመወዝ ሳይንስ ሲያስተምር የኖረ ነው። ጠርሙሱን እስከ መጨረሻ ጠብታው አንጠፍጥፌ ሽንት ቤቱ ውስጥ ጨመርሁት።

በማግሥቱ ነበልባሉ አጠረ። «የጋዝ ጠባይ ነው» አልሁ። በሚቀጥለው ቀን ቢጫ ሆኖ ተንቀጠቀጠ። «ብርድ ነው» አልሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት የሽወርቅ ክብሪት ብትጭር፣ ብትጭር፣ ቧንቧው እፍ ብሎባት ዝም አለ።

በላቸው መነጽሩን አድርጎ የባዶውን ጠርሙስ ጽሑፍ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ አላየኝም።

«ጀርም ሁሉ ይገድላል ነው የሚለው።»

እበቱን የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። ይህን እኔው ነኝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርሁት፤ ያልጻፈውን ተማሪ ሳንበረክክ የኖርሁት። ሽታ ነፍስ የለውም፤ ጉድጓዴ ግን ነፍስ ነበረው። በጠርሙስ ገደልሁት።

«ነገ ይመለሳል» አልኋት ለየሽወርቅ፤ አገጬን ከፍ አድርጌ። ከሰል እንዳትነካም አስጠነቀቅኋት። ያን ዕለትና በነጋታው በበላቸው መኪና ምድጃ ሠርታ በላን። በሦስተኛው ቀን ግን በላቸው በማለዳ ተነሥቶ ዳንግላ ገበያ ሄደ፤ ቤቱንም ምድጃውንም ይዞ።

የሽወርቅን ታውቋት ቢሆን ቀሪውን እኔ አልነግራችሁም ነበር። እንግዳ ከመንገድ ተመልሶ ቀዝቃዛ ቤት ሊገባ? ሞታ ነው! እኔ ሳሎን ተቀምጬ ለነገ የሚሆን ውሸት ሳሰናዳ፣ እሷ ጓዳ ገብታ፣ ዝናቡ እንዳይገባ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ከሰል አቀጣጠለች።

መጀመሪያ የሰማሁት ፉጨት ነው። በር መስሎኝ ነበር። የሷ ደረት ነው። ጓዳው በጭስ ታፍኗል፤ እሷ ግድግዳውን ይዛ በጉልበቷ ተንበርክካለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። የሚነፋው መድኃኒቷ ድሮ አልቋል፤ አያስፈልግም ብለን አልተካነውም። ደግፌ ወደ በረንዳ አወጣኋት። ዝናቡ እንደ ጅራፍ ይወርዳል። መንገዱ ላይ ባጃጅ የለ፣ ጋሪ የለ።

«ደሴ! ደሴ ሆይ!»

ደሴ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ መጣ። አይቷት በአገሩ ቋንቋ በአውኚ አንድ ነገር ተናገረ፤ ለእኔ አልነበረም፣ ለፈጣሪ ነው። «መምህር፣ ቃሬዛ ላምጣ፤ ሰው ልጥራ» ብሎ ሊሮጥ ሲል ያ ነጭ ሆዳም መኪና ከመታጠፊያው ብቅ አለ። በዕድሜዬ እንዲያ የናፈቅሁት ፊት የለም።

በመጋረጃው ውስጥ፣ ለስላሳው አልጋ ላይ አስተኛናት። እኔ አጠገቧ ተንበረከክሁ። በላቸው እንደ አበደ ይነዳል። መንገዱ ግማሽ ላይ ስንደርስ የሽወርቅ እጄን ጨመቀች። መናገር አልቻለችም። በጣቷ ወደዚያች ጠባብ በር ጠቆመች።

«በላቸው፣ አቁም!»

«ምን ሆነች?»

«አቁም አልሁህ! ውረድና ፊትህን አዙር!»

ወርዶ በዝናብ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። እኔ አንሥቼ አስቀመጥኋት፤ በሁለት እጄ ደገፍኋት፤ ግንባሯ ሆዴ ላይ ነበር። ያን ቀን በመንገድ ዳር ጭቃ ላይ ላስቀምጣት ቢሆን ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሐኪም ቤት ኦክስጅን አደረጉላት፤ መርፌ ወጓት። እጇ ሲሞቅ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ ቤታችሁ በምንድን ነው የምታበስሉት?»

«በባዮጋዝ።»

«ታዲያ ጭሱ ከየት መጣ?»

«ባዮጋዙ ሞተ።»

«እንዴት ይሞታል?»

«ገደልሁት።»

አንዴ አየኝ፤ አንዴ በላቸውን አየ። «ከእንግዲህ አንድ ጭስ ቢያገኛት እኛ ጋ የምትደርስ አይመስለኝም» ብሎ ሄደ።

ስትወጣ በላቸው ጉዞውን ሰረዘ። «አልጋውም ምድጃውም የሷ ነው፤ እኔ ሳሎን እተኛለሁ፤ ጉድጓድህ ነፍስ እስኪዘራ» አለኝ። «ገዳዩ ግን አንተ ነህ፤ እኔ መሣሪያ ነው ያቀበልሁህ።»

የሽወርቅ ጭቃውን አቋርጣ ሽንት ቤት የምትሄድበት ጉልበት አልነበራትም። ስለዚህ ያ ሣጥን በሞላ ቁጥር እየሳብሁ አወጣሁት። ከጓሮ ጥግ፣ ከውሃ ርቄ፣ ራሴ በቆፈርሁት ጉድጓድ ደፋሁት፤ አፈር መለስሁበት፤ አጠብሁት። ሰማያዊ መድኃኒት የለም፤ ከልክላለች። ሽታው እንዴት ነው? እንደ ሰው ሽታ ነው። አፍንጫ ደግሞ ከባለቤቱ ይልቅ ቶሎ ትሕትና ይማራል።

የሞተውን ጉድጓድ ማስነሣቱ ግን ከበደኝ። ውስጡ ያለውን በባልዲ እየቀዳሁ ሳወጣ ሰነበትሁ። አዲስ እበት በጥብጬ ጨመርሁ። ምንም የለም። የሽወርቅ ከመኪናው በር ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ታየኛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እርሾ አላደረግህበትም እኮ።»

«እርሾ?»

«ሊጥ ያለ እርሾ ይቦካልሃል? ከሚነድ ጉድጓድ ለምነህ አምጣና ጨምርበት።»

የሚነድ ጉድጓድ ያለው ደሴ ነበር። የሱን ጉድጓድ «ያለ ሳይንስ የተሠራ» እያልሁ ስዘብትበት ኖሬአለሁ። ባልዲዬን ይዤ ደጃፉ ቆምሁ።

«ሰው እንጀራ ይለምናል፤ ሰው ብር ይለምናል» አለ ደሴ፣ ሚስቱ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እርስዎ እበት ለመኑ፣ መምህር!»

«ስጠኝና ስደበኝ።»

«ሰድቤ ልስጥዎት እንጂ! አንዴ ከወሰዱማ መች ቆመው ይሰሙኛል?»

ሰደበኝ፤ ሰጠኝ፤ ባልዲውንም ተሸክሞ አደረሰልኝ። በእጄ በጠበጥሁት፤ እስከ ክርኔ ገባሁበት። ጓንት ነበር፤ በላቸው ሰጥቶኝ ነበር። አላደረግሁትም፤ ትንሽ ቅጣት አማረኝ መሰለኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ በዚህ ጊዜ «ተለወጥሁ፣ ትሑት ሆንሁ» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ኤዲያ! አሁንም ሰው እንቃለሁ፤ ይህ ዕድሜ ለሌላ ሙያ አይመችም። በላቸውንም፣ መኪናውንም፣ ሳያነቡ የሚያስተምሩትንም፣ እያነበቡ የማይገባቸውንም እንቃለሁ። የተለወጠው ይህ ነው፦ እበቱን የምበጠብጠው እኔ ነኝ፤ በየማለዳው፤ የሽወርቅ ገና ሳትነሣ። እናንተም ቤታችሁ የሚነድ እሳት ካለ፣ ከሥሩ የማን እጅ እንዳለ ሂዱና እዩ። ካላያችሁም ብዙ አልገረምባችሁም፤ እኔ ስንት ዘመን አጠገቡ ቆሜ ሳብራራ አላየሁትም።

ጋዙ የተመለሰው በአንድ ጠዋት ነው። ክብሪት ጫርሁ፤ ቧንቧው ተንፈስ አለ፤ ጣቴን ሊያቃጥል ሲል ጥፍር የምታክል ነበልባል ያዘች። አልጮኽሁም። በላቸውን እንኳ አልቀሰቀስሁም። ከመኪናው ድረስ ሄጄ የሽወርቅን ደግፌ አመጣኋት። ምድጃው አጠገብ ቆመች፤ ውሃ ጣደች፤ ጓዳው ውስጥ ረጅም አየር ሳበች። እኔ ራሴን ዘንበል አድርጌ፣ ደረቷ ያፏጭ እንደሆነ አዳመጥሁ።

ዛሬም እሳቱን ከለኮስሁ በኋላ እንደዚያው እቆማለሁ። ታውቅብኛለች።

«ደግሞ ምን ሰማህ?» ትለኛለች።

«ምንም» እላታለሁ፤ «ምንም አልሰማሁም»፤ እጄንም ልታጠብ እወጣለሁ።